የተቆለፈበት ስኳር

ነገሌ ቦረና ውስጥ፣ ከጦር ሰፈሩ አጥር ማዶ ባሉት የቆርቆሮ ቤቶች፣ በዛብሽን የማያውቅ ቢኖር እንግዳ ሰው ብቻ ነው። እጇ ለሥራ የፈጠነ፣ ለቅሶ ቤት ቀድማ የምትደርስ፣ የታመመ የምትጠይቅ ሴት ናት። ስሟ ሲነሳ ግን ሰው አስቀድሞ የሚያነሳው ይህን አይደለም። "በዛብሽ? ቀናተኛዋ?" ነው የሚለው።

ቅናቱ እንዲሁ አልመጣባትም፤ በልጅነቷ ያየችው ነገር ነበር። አባቷ የድሮው ጦር አሥር አለቃ ነበሩ። ከጎጃም መጥተው ነገሌ ላይ ጎጆ ወጡ፤ በየጊዜውም "ግዳጅ ነው" እያሉ ወደ ሞያሌ ይወርዱ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለውጦ ጦሩ ሲበተን፣ እሳቸው ወደ ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ ታመው ሞቱ። እናቷ ድንኳን ተጥሎ ለቅሶ ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ልጆች አስከትላ ከሞያሌ መጣች። ልጆቹ የአባቷን ግንባር ቁርጥ ነበሩ። ለቀስተኛው ሁሉ ወደ እናቷ ዞረ። እናቷ አልጮኹም፣ አልተሳደቡም፤ ፈቀቅ ብለው በምንጣፉ ላይ ቦታ ለቀቁላት። በዛብሽ ያኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች። ለዚያች ቦታ እናቷን ይቅር ሳትላቸው "እኔ ብሆን ኖሮ…" እያለች አደገች።

ወልደገብርኤልን ያገባችው በዘጠና ሁለት ነው። ጎንደሬ ነው። ወታደር ሆኖ መጥቶ፣ ከሠራዊቱ ሲሰናበት በመንጃ ፈቃዱ እዚያው ሥራ አገኘ፤ ድርቅ ወደገባበት ቆላ ውሃ የሚያመላልስ ቦቴ ይነዳ ጀመር። ዛሬ ዱብሉቅ ነው፣ ነገ ሞያሌ። ኦሮምኛውን ከመንገድ ለቀመው። ጨዋታ አዋቂ ስለነበር የቦረና ሽማግሌዎች "አባ ቦቴ" ብለው ስም አወጡለት። ቤቱ ሲገባ ግን ዝምተኛ ነው።

ለበዛብሽ ከዚህ የከፋ ሥራ አልነበረም። ባሏ ሲመለስ ሸሚዙን ታሸታለች፤ ረዳቱን ምሳ ጋብዛ ታጠያይቀዋለች። በተለይ የምግቡን ነገር አትለቅም ነበር። የተራበ ባል የታመነ ባል ነው ብላ ታምናለች፤ ጠግቦ የመጣ እንደሆነ ሌላ ቤት ጓዳ ተከፍቶለታል ማለት ነው።

በ2008 ዓ.ም. ገደማ ወልደገብርኤል መብላት ተወ። ቀይ ወጥ ቢቀርብለት፣ ዶሮ ቢቀርብለት፣ አንድ ሁለቴ ጎርሶ እጁን ይሰበስባል።

"በቃኝ።"

"የት በልተህ ነው የበቃህ?"

"ምንም አልቀመስኩም። ሆዴን እየነፋኝ ነው።"

"ማን ናት ሆድህን የነፋችው?"

ሊታጠብ ይነሳል። መነሳቱ ደግሞ ለእሷ መልስ ነበር። ወራት እንዲህ አለፉ። ቀበቶው አልዘጋ ሲለው ጎረቤቱ "ወልዴ ወፈረ" አለ፤ እሷም "ይወፍር እንጂ፣ ሁለት ቤት የሚበላ" አለች። እግሩ አበጠ፣ የዓይኑ ነጭ ብጫ ሆነ። በመጨረሻ ከዱብሉቅ ሲመለስ መንገድ ዳር ቦቴውን አቁሞ ደም አስታወከ። ረዳቱ ደውሎ ሲነግራት ነጠላዋን እንኳ ሳትለብስ ወጣች።

ሐዋሳ ድረስ ወስዳው፣ ከምርመራው በኋላ የተነገራት ይህ ነው፤ የጉበት ቫይረስ ለብዙ ዓመታት ውስጥ ለውስጥ ሲበላው ኖሯል፣ ጉበቱም ጠባሳ በጠባሳ ሆኖ ጠንክሯል፣ የሆዱ ማበጥ ውሃ ነው። ያን ሁሉ ወር የተጣላችው ከጉበት ጋር ኖሯል። ግድግዳ ይዛ አለቀሰች። እንባዋን ስትጠርግ ግን አፏ ላይ የመጣው ያው ነበር።

"ዶክተር፣ ይህን ቫይረስ ከማን ያዘው?"

"በብዙ መንገድ ይተላለፋል" አላት ሐኪሙ። "ሲወለድ ከእናት፣ በምላጭ፣ በደም፣ በግብረ ሥጋም። ባለቤትዎ ላይ ከልጅነቱ ጀምሮ የነበረ ሊሆን ይችላል። አሁን ማወቅ አይቻልም።"

እሷም ተመረመረች። ነፃ ነሽ ተብላ ክትባት ጀመረች። ነፃ ነሽ ሲሏት ለራሷ ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ "ከእኔ ካልሆነ ታዲያ ከማን?" የሚል እሾህ ተሰካባት። "ማወቅ አይቻልም" የሚለውን ቃል እስከ ነገሌ ድረስ በአውቶቡስ ይዛው መጣች። ቤቷም አስቀመጠችው።

ከጉበቱ ጋር ሌላም ነገር ተገኝቶበት ነበር፤ ስኳር። በጠዋት በባዶ ሆዱ ሲለካ ያን ያህል የማያስደነግጥ፣ እህል ከቀመሰ በኋላ ግን ሽቅብ የሚወጣ ስኳር። ማታ ማታ የሚወጋው ጥቂት ኢንሱሊን ታዘዘለት። "ሳይበላ እንዳይወጋ፣ ጾሙንም ያቁም" ተብሎም ነበር። በዛብሽ ግን ከተባለው ሁሉ በጆሮዋ የቀረው "ስኳር አለበት" የሚለው ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የቤቱ አስተዳደር ሌላ ሆነ። ስኳሩ፣ ማሩ፣ ብስኩቱ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ተቆለፈበት፤ ቁልፉ አንገቷ ላይ ከማተቧ ጋር ታሰረ። ራቱን ገና ጀንበር ሳትጠልቅ በትንሹ ታቀርብለታለች፤ ከዚያ በኋላ እስኪነጋ ምንም የለም። መርፌውን ግን አንድ ቀን አላሳለፈችም። በጠዋት ለክታ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ስታየው "ተመስገን፣ ወረደ!" ትላለች። ከሰዓት በኋላ ለክታ ሲወጣ ደግሞ ዓይኗ ይቀላል።

"ማን ምን አበላህ?"

"ያንቺኑ ምሳ ነው የበላሁት።"

"የእኔ ምሳ እንዲህ አያደርግም።"

የእሷ ምሳም እንደዚያ ያደርግ ነበር። አላወቀችም። ያቺ ትንሽ መለኪያ እሷ ዘንድ የበሽታ ሳይሆን የባል መመርመሪያ ሆና ነበር።

ወልደገብርኤል በመድኃኒቱ ሆዱ ጎደለለት፤ ሥራውን ቢተውም እየተንገዳገደ መውጣት ቻለ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ ወደ መናኸሪያው ይወርዳል፣ የድሮ ሹፌሮችን አጫውቶ ይመለሳል። ወጥቶ ሲመለስ ፊቱ የበራ፣ ቤት ሲውል ደግሞ የጠወለገ መሆኑን በዛብሽ ልብ አለች። ምን ልትል እንደምትችል መገመት አያዳግትም።

አንድ ማለዳ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ወልደገብርኤል በላብ ተነክሮ ተነሳ። አንሶላው የተጨመቀ ልብስ ይመስላል። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑ ክፍት ነው፣ ግን የሚያያት አይመስልም።

"ወልዴ! ምን ሆንክ?"

"ዲንኪቱ" አላት። "ዲንኪቱ፣ ሻይ አምጪ።"

በዛብሽ ውሃ ልትሰጠው ያነሳችውን ኩባያ መሬት ላይ ለቀቀችው። ስም አገኘች። ስንት ዓመት ስትፈልገው የኖረችውን ስም፣ እሱ ራሱ በገዛ አፉ ሰጣት። ኩባያው ሲሰበር ደንግጦ ይሁን ወይም ሕመሙ በራሱ ለቆት፣ ብቻ ቀስ በቀስ ወደ ልቡ ተመለሰ። ምን እንዳለ አያስታውስም። እሷም አልነገረችውም። ቁርሱን አቀረበችለትና ሲወጣ ከበር ላይ ሸኘችው፤ ከዚያ ወደ ጎረቤቷ ወደ ሁዳ ሱቅ ገባች። ሁዳ መናኸሪያው አጠገብ ጨርቅ የሚነግድ ባል አላት፤ የማታውቀው ሰው የለም።

"ሁዳ፣ ዲንኪቱ የምትባል ሴት ታውቂያለሽ?"

"ሻይ የምታፈላዋ ዲንኪቱ? የሞያሌ መኪና የሚሞላበት ጋ ያለችው?" ሁዳ የበዛብሽን ፊት አይታ ቆም አለች። "በዚ፣ ተይ። የታመመ ሰው ነው ያለሽ።"

"የታመመው ለእኔ ነው፤ ለእሷ ደህና ነው።"

ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ወረደች። ሻይ ቤቱ ሻይ ቤት ለመባልም የማይበቃ የሸራ ጥላ ነው፤ ከሥሩ የከሰል ምድጃ፣ ትልቅ ማንቆርቆሪያ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር። በዛብሽ ከሸራው ጀርባ፣ ከተደረደሩት የውሃ ጀሪካኖች ጋ ቆመች። ዲንኪቱን አየቻት። ቆንጆ ትሆናለች ብላ ፈርታ ነበር፤ አስቀያሚ እንድትሆንም ተመኝታ ነበር። ሁለቱንም አይደለችም። ዕድሜዋ የገፋ፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ሻሿን ወደ ኋላ ጠምጥማ ያሰረች የቦረና ሴት ናት። ወልደገብርኤል አግዳሚው ላይ ተቀምጦ በግመል ወተት የፈላ ሻይ በሁለት እጁ ይዟል። ስኳሩን ዲንኪቱ ማንኪያ ሞልታ ጨመረችለት፣ ደገመችለት፣ ሠለሰችለት። በዛብሽ አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ ጨበጠች።

የሚያወሩት በኦሮምኛ ነው። በዛብሽ ደግሞ ነገሌ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አንድ ቃል አላመለጣትም።

"ዛሬ ደግሞ ፊትህ አመድ መስሏል፣ አባ ቦቴ" አለችው ዲንኪቱ።

"ሌሊት ላብ ያሰምጠኛል። ስተኛ እፈራለሁ፤ ባልነቃስ እላለሁ።"

"ለሚስትህ ንገራት።"

"ለእሷ አይነገርም።"

ዲንኪቱ በሻሿ ጫፍ ግንባሩን ጠረገችለት። እንዲሁ፣ እንደ ወንድም።

"እወድሻለሁ" ቢላት በዛብሽ ይቀላት ነበር። እሱን ለመስማት ከልጅነቷ ጀምሮ ስትዘጋጅ ኖራለች። ይህን ግን አልጠበቀችም፤ ፍርሃቱን ለሌላ ሴት ይነግራል። እሷ ከአጠገቡ እየተኛች የማታውቀውን የሞት ፍራቻ፣ ሻይ የምታፈላ ሴት ታውቀዋለች። ከጀሪካኖቹ ጀርባ ወጥታ መጣች።

ዲንኪቱ ቀና ብላ "አካም፣ ናጋ? ደህና ነሽ? ተቀመጪ እህቴ" አለቻት፤ ማን እንደሆነች አላወቀችም።

በዛብሽ ብርጭቆውን ከባሏ እጅ ነጥቃ ሻዩን መሬት ላይ ደፋችው።

"ሐኪም ስኳር የከለከለውን ሰው በስኳር ትገያለሽ? ምን አድርጎሽ ነው? ወይስ ምን አድርገሽው ነው?"

ዲንኪቱ ተነሳች። "እኔ አላስጠራሁትም። እግሩ ነው ያመጣው። መጀመሪያ የመጣ ቀን እዚህ ተዝለፍልፎ ወደቀ፤ ሻይ ሳጠጣው ተነሳ። ከዚያ ወዲህ ሲንቀጠቀጥ ይመጣል፣ አጠጣዋለሁ። ባልሽን ቤትሽ አጥግቢው፣ ወደ እኔ አይመጣም!"

አግዳሚው ላይ የነበረ አንድ ሹፌር ሳቀ። በዛብሽን የቆረጣት ያ ሳቅ ነው። ወልደገብርኤል ተነስቶ ወደ ቤት ሄደ፣ እሷም ከኋላው ተከተለችው። መንገዱን ሁሉ ስትናገር እሱ መሬት መሬት እያየ ተራመደ። ማታ ራቱን ሰጠችው፤ አልበላም። አኩርፎ ነው ብላ አልለመነችውም። መርፌውን ግን እንደ ወትሮው ወጋችው።

ሲነጋ ልትቀሰቅሰው ብትነካው ቀዝቅዟል፣ ረጥቧል። ጠራችው፤ አጉረመረመ እንጂ አልነቃም። ጉንጩን መታችው፤ ጭንቅላቱ ወደ ጎን ዘመመ። "ያቺ ሴት! በስኳር ገደለችው!" ብላ ጮኸች። ሁዳ ሮጣ መጣች፤ ጎረቤት ተጠራ፤ ወልደገብርኤልን በባጃጅ ይዘውት ወደ ሆስፒታል በረሩ።

ተረኛው ሐኪም ዶክተር ፍሬሰንበት ነበር፤ ቀጭን፣ ድምፁ የማይሰማ ወጣት። ጣቱን ወግቶ ለካውና ፊቱ ተለወጠ።

"ስኳሩ ስንት ገባ? ብዙ ነው አይደል?" አለችው በዛብሽ። "አንዲት ሴት በየቀኑ ሻይ…"

"እትዬ፣ ስኳር የለውም። አልቋል።"

በደም ሥሩ ግሉኮስ ገፋለት። በዛብሽ የምታየውን ማመን አቃታት። መርዝ ነው ብላ የቆለፈችበት ነገር በመርፌ ሲገባ፣ የባሏ ዓይን ቀስ ብሎ ተከፈተ፤ ጣሪያውን አየ፣ ሐኪሙን አየ፣ እሷን አየ። "በዚ" አላት። ስሟን በትክክል ጠራው።

ወልደገብርኤል ካረፈ በኋላ ዶክተር ፍሬሰንበት ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ሁሉንም ጠየቃት፤ ምን ይበላል፣ መቼ ይበላል፣ መርፌውን መቼ ይወጋል። ነገረችው። ስትነግረው ራሷን እየሰማች ነበር።

"ጉበት ማለት ጎተራ ነው" አላት። "ጤነኛ ሰው ሲበላ ጉበቱ ስኳሩን ተቀብሎ ያስቀምጣል፤ ሌሊት ሰውየው ሲተኛ ከጎተራው ጥቂት ጥቂት እየሰፈረ ይሰጠዋል። የእሳቸው ጎተራ ፈርሷል። የበሉትን የሚያስቀምጡበት ስለሌለ ደማቸው ውስጥ ይፈስሳል፤ ያን ጊዜ ሲለኩት ይወጣል። ሌሊት ደግሞ ከየት ይምጣ? ራት ሳይበሉ ሲወጉ ጭራሽ ባዶ ይቀራሉ።"

"ስለዚህ አንድ ሰው ስኳር በዝቶበትም፣ ስኳር አጥቶም ይታመማል?"

"በአንድ ቀን ውስጥ ሁለቱም ሊሆን ይችላል።"

በዛብሽ አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ ዳሰሰች። ከዚያ "ያቺ ሴት ልክ ነበረች ማለት ነው?" አለች። ይህን ለመጠየቅ ምን ያህል እንደከበዳት ሐኪሙ አላወቀም።

"የትኛዋ ሴት? ሻይ የምትሰጣቸው? በየቀኑ ያን ያህል ስኳር ልክ አይደለም። ግን እየተንቀጠቀጡ ባሉበት ሰዓት ከሆነ፣ አዎ፣ አድናቸዋለች።"

አዲስ ሥርዓት ወጣላቸው። መርፌው ተቀነሰ። ወልደገብርኤል ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ይብላ፤ ከመተኛቱ በፊት ደግሞ ዳቦ በወተትም ይሁን ገንፎ ሳይቀምስ እንዳይተኛ። ስለ ጾሙ የንስሐ አባቱ ራሳቸው መጥተው አንተን አይመለከትም ብለው አሰናበቱት።

ከሆስፒታል ወጥተው ቤት በገቡ ቀን በዛብሽ ማተቧ ላይ ያለውን ቁልፍ ፈታች፤ ስኳሩን ከሳጥኑ አውጥታ ራስጌው አስቀመጠችለት። ይቅርታ አልጠየቀችውም። የጠየቀችው ሌላ ነው።

"ላብ እንደሚያሰምጥህ ለምን ለእኔ አልነገርከኝም?"

የስኳሩን ዕቃ በእጁ አዞረው። "አንቺ ዘንድ የነገርኩሽ ሁሉ ምርመራ ይሆናል" አላት። "ለምን ላበህ፣ የት ላበህ፣ ማን አላበህ። እዚያ ስናገር ሰሚ አለኝ።"

"እሷን ትወዳታለህ?"

"ሻይዋን እወዳለሁ። ጨዋታዋን እወዳለሁ። ሌላ የምትፈልጊው ነገር የለም፤ ቢኖር እነግርሽና አርፍ ነበር።"

አመነችው። ማመኗ ግን አላሳረፋትም። ሌላ ሴት ቢያቅፍ ኖሮ ታባርራት ነበር፤ ጨዋታን እንዴት ያባርሯል? እሷ ጠጋ ብላ "እስቲ አጫውተኝ" ብትለው ስለ አየሩ ይነግራትና ያዛጋል። ያለ ምርመራ እንዴት እንደሚጠየቅ ሳትለምደው ዕድሜዋ አለፈ።

በሳምንቱ ወደ ዲንኪቱ ወረደች። ዲንኪቱ ስታያት ማንቆርቆሪያውን ወደ ራሷ ሳበች።

"ልትደፊ ነው የመጣሽው?"

"ላስረዳሽ ነው።" ሐኪሙ ያላትን ነገረቻት፤ ጎተራውን፣ ሌሊቱን፣ ቀኑን። "ሲመጣ ስኳሩን ቀንሺለት፤ ዳቦ ስጪው። ሲንቀጠቀጥ ካየሽ ግን እንደ ድሮው አድርጊና ደውዪልኝ። ቁጥሬን ያዢ።"

ዲንኪቱ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። "እኔ የሻይ ነጋዴ ነኝ፣ ነርስ አይደለሁም። የታመመ ሰው ሲወድቅ ደንበኛ ይሸሻል።" ከዚያ ስልኳን ከደረቷ አወጣች። "በይ፣ ቁጥሩን ንገሪኝ።"

ወዳጅ አልሆኑም። በዚያ በጋ ዲንኪቱ ስትደውል በዛብሽ ስልኩን ከማንሳቷ በፊት ደሟ ይፈላል፤ "ባልሽ ደህና ነው፣ ዳቦውን በልቷል" ስትባል ደግሞ እፎይታውና ንዴቱ አንድ ላይ ይመጡባታል። አንዳንድ ቀን "እናመሰግናለን" ብላ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ለብቻዋ "ከእኔ ቤት ዳቦ ምን አነሰው!" ትላለች። ሁዳ ይህን እየሰማች በሳቅ ትሞታለች።

ወልደገብርኤል ሐኪሞች ከገመቱለት ዕድሜ በላይ ቆየ። ሁለት ጊዜ ሐዋሳ ድረስ ተወስዶ ሆዱ የያዘው ውሃ ተቀዳ፤ እንደገና ግን ያን ማለዳ የመሰለ ነገር አልደረሰበትም። በ2012 ዓ.ም. ዲንኪቱ ሸራዋን አጥፋ ሻኪሶ ልጇ ጋ ለመኖር ሄደች። በዛብሽ ወሬውን ስትሰማ ሻማ ለማብራት ቃጥቷት ነበር። ማታ ግን ባሏን አየችው። ከመተኛቱ በፊት የቀረበለትን ገንፎ በማንኪያው እያገላበጠ ያየዋል። በማግስቱም ያው። መናኸሪያ መውረዱን ተወ። የሚያለቅስ ሰው ቢሆን ትቆጣው ነበር፤ እሱ ግን ገንፎውን ማገላበጡን ብቻ ቀጠለ።

"ደውልላት" አለችው በመጨረሻ።

"ምን ብዬ?"

"እኔ ነኝ የምነግርህ? ለእኔ ያላልከውን በልላት።"

አልደወለም። እሷ ራሷ ደወለች። ዲንኪቱ ስታነሳ "አካም፣ በዛብሽ ነኝ፣ የወልዴ ሚስት" አለቻትና ስልኩን በእጁ አስጨብጣው ወጣች። ወጣች እንጂ ከበሩ አልራቀችም። መዝጊያውን ገርበብ አድርጋ ቆመች።

ስለ ሻኪሶ ዝናብ ጠየቃት። ስለ ልጅ ልጆቿ፣ ስለ ግመል ወተቱ መወደድ፣ ስለ አንድ ስለሞተ ሹፌር አወሩ። ሳቀ። ያን ሳቅ በዛብሽ በዚያ ቤት ውስጥ ከሰማችው ስንት ጊዜዋ ነው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በኦሮምኛ "አዎ፣ እሷ ናት የደወለችው" አለ። ትንሽ አዳመጠ። "ኧረ አሁንም ትቀናለች። በሩ ጋ ቆማለች፣ ጥላዋ ይታየኛል።"

በዛብሽ በሩን በረገደችው።

"በቃ፣ ካርዴን ጨረስከው!"

ስልኩን መለሰላት፣ እየሳቀ። ገንፎው ቀዝቅዞ ነበር። ወስዳ አሞቀችው፣ ቅቤ ጨመረችበት፤ እስኪጨርሰው ድረስም ከፊቱ አልተነሳችም።